የቀበሌ ትምህርት ቦርድ ላይ ተመርጫለሁ፤ ስብሰባው ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ነው። የልጆቹን ንባብ በምን በኩል ልግባበት?

ወፍጮ ቤቱ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሥራቅ ጎጃም ሰው ነኝ፣ ከጮቄ ግርጌ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ። የምተዳደረው በእርሻና በአንዲት የናፍጣ ወፍጮ ነው። ዘንድሮ የቀበሌያችን ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ሲታደስ የወላጆች ተወካይ ብለው አስገቡኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ አላውቅም። ወፍጮ ቤት ሁሉ ሰው ስለሚመጣ ወሬ አያመልጠውም ብለው ይሆናል።

ቦርዱ ሰባት ሰው ነው። ሰብሳቢው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጸሐፊው ርዕሰ መምህሩ፤ ከመምህራን፣ ከሴቶች፣ ከወጣቶችና ከወላጅ መምህር ኅብረት አንዳንድ ሰው አለ፣ ሰባተኛው እኔ ነኝ። እንግዳ ስለሆንኩ የድሮውን ቃለ ጉባኤ ተቀብዬ አገላበጥኩት። የአጥር ሽቦ፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ ነፋስ የገለበጠው ቆርቆሮ፣ የትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ለማን ይሸጥ፣ ከየአባወራው ስንት ይዋጣ። ስለ ልጆቹ ትምህርት የተጻፈው «የመማር ማስተማሩ ሂደት በጥሩ ሁኔታ እየተካሄደ ይገኛል» የሚል አንድ መስመር ነው። ከዚያ በፊት ባለው ስብሰባም ያው መስመር፣ ከዚያ በፊትም ያው። ቃሉ እንኳ አልተለወጠም።

ነገሩ ያሳሰበኝ ወፍጮው ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ልጆች በአህያ እህል ጭነው ይመጣሉ። በተራ እንዳይጣሉ ብዬ ቀኑን ጽፌ፣ የልጁንና የእናቱን ስም በመጡበት ቅደም ተከተል በደብተር እይዛለሁ። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ አንዱን የአራተኛ ክፍል ልጅ «እስቲ ስምህን ፈልግና ስንተኛ እንደሆንክ ንገረኝ» አልኩት። ደብተሩን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «እርስዎ ይንገሩኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው ሁሉ ደብተሩን እሰጠዋለሁ። አጥርቶ የሚያነብ አለ። የማያነበው ግን ይበዛል፤ አምስተኛ ክፍል የደረሰም አለበት።

የኔ እጅ ጽሑፍ ይሆናል ችግሩ ብዬ የሁለተኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ ከጎረቤት ተዋስኩ። አንዲት ልጅ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ ወረደችው። ደስ ብሎኝ «ጎበዝ» ልላት ስል ጣቷን አየሁ፤ አፏ ከጨረሰው መስመር ሁለት መስመር ወደ ኋላ ቀርቷል። ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ ከመሐል አንዲት ቃል ነካሁላት። ዝም። ገጹን በቃሏ ይዛዋለች እንጂ አላነበበችውም።

ይህን ስብሰባ ላይ አነሳሁት። ርዕሰ መምህሩ «ወፍጮ ቤት ፈተና ከፈቱ እንዴ?» አለኝ፣ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ግን ኮስተር ብሎ «ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው፣ ቦርዱ በግብዓት ይደግፈን» አለ። ሰውየው ክፉ አይደለም። 2016ን ትምህርት ቤታችን ሳይከፈት እንዳሳለፍነው አውቃለሁ፤ ሲከፈት ልጆቹን ከየበሩ ለቅሞ ያመጣው እሱ ነው። አገር ሁሉ የሚያወራው ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በ2014 3.3 በመቶ አለፈ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 እየተባለ። እኔ ግን ነገሩ የተበላሸው አሥራ ሁለተኛ ላይ አይመስለኝም።

የምጠይቃችሁ፦ ቦርድ እንዲህ ያለ ነገር የመጠየቅ መብት አለው ወይስ የለውም? ካለውስ መምህራኑን ሳላስቀይም እንዴት ላቅርበው? ደግሞ ባሕር ዛፉ ሊሸጥ ነው፣ ደህና ገንዘብ ይገኝበታል፤ ሰው ሁሉ አጥር አጥር ይላል። እናንተ ብትሆኑ ምን ላይ ታውሉት ነበር?


ጡረተኛው (ረቡዕ ጠዋት)

ወንድሜ፣ ደግ ጠየቅህ። እኔ በቲቲአይ (በመምህራን ማሠልጠኛ) ሰርተፍኬት ገብቼ በርዕሰ መምህርነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ተቀምጫለሁ።

መብት አለህ። የ1994ቱ የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የሕዝብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ቦርዱን ያቋቋመው ሽቦ እንዲገዛ አይደለም። የትምህርት ቤቱን ዕቅድና አፈጻጸም ይከታተላል፣ የበጀቱንና የውስጥ ገቢውን አጠቃቀም ያያል። ልጅ ማንበቡ ካልታየ የምን አፈጻጸም ሊታይ ነው? የማትችለው ነገርም አለ። ክፍል ገብተህ መምህር ማረም አትችልም፤ መምህር መቅጠርና ማዛወርም የወረዳው ነው። ይህን ድንበር ካወቅህ ማንም አፍህን አያስይዝህም።

ርዕሰ መምህርህን ግን ቦታው ላይ ሆነህ እየው። ኢንስፔክሽን ሲመጣ በ26 ስታንዳርድ መዝኖ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል። ወረዳው መጠነ ማቋረጥ ስንት ነው፣ መጠነ መድገም ስንት ነው፣ ስድስተኛና ስምንተኛ ስንት አሳለፍክ ይለዋል። «የሁለተኛ ክፍል ልጆችህ ከመሐል የነካሁትን ቃል ያነባሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አለቃ እኔ በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም። በታችኛው ክፍል ደግሞ በተከታታይ ምዘና ስም ሁሉም እያለፈ ይሄዳል። በ2002 ዓ.ም. የሁለተኛ ክፍል ልጆች በየቋንቋቸው ንባብ ሲፈተኑ በአገር ደረጃ ሲሶው ያህል አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም ነበር። ያን ጊዜ ሪፖርቱን ይዘው ስብሰባ ጠሩን፣ አበል ተከፈለን፣ ወደየቤታችን ሄድን።

አሁን ስለዚያች ልጅ። ያየኸውን የኔታዎች ጥንት ያውቁታል። ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ሲወርደው ዓይኑ አይሠራም፣ ጆሮው ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ከየቤቱ አንድ አንድ ፊደል ተለቅሞ ስለተደረደረ የሀሁ ዜማ አያድንህም፣ ፊደሉን በመልኩ ማወቅ ግድ ነው። እኛ የፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቀልንና ይህን ጥበብ ተውነው። ጎጃም ተወልዶ፣ ዲማንና ዋሸራን ያህል የቅኔ ቤት ባለበት አገር፣ ለዚህ ከሩቅ ባለሙያ መጠበቅ ያሳፍረኛል።

የኔታ ደግሞ እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻው ነው የሚያስቆጥሩት፤ ልጁ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ። እሳቸው ካልደረሱ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቆጥራል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 70 ልጅ ለየብቻ ላስነብብ ብትል ለአንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማንም አያስነብብም፣ በኅብረት ማስጮህ ይሆናል። በኅብረት ሲጮህ የማያነበው ልጅ ድምፅ ከሁሉ በላይ ነው የሚሰማው፣ ታዝቤዋለሁ።

እኔ የሠራሁትን ልንገርህ። ከሁሉ የበረታችውን መምህርት ከስምንተኛ አውርጄ አንደኛ ክፍል መደብኳት። አለቀሰች፤ ተቀጣሁ ብላ። መምህራኑም አኮረፉኝ። በእኛ ዘንድ ስምንተኛን ማስተማር ክብር፣ አንደኛን ማስተማር ቅጣት ነው፤ ጀማሪውንና የደከመውን ነው ወደ ታች የምንገፋው። ከዚያም የሰባተኛና የስምንተኛ ልጆችን ጠዋት ከሰልፍ በፊት ከአንደኛና ከሁለተኛ ልጆች ጋር ጥንድ ጥንድ አድርጌ ዛፍ ሥር አስቀመጥኩ። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይሰማል። ወጪው ምንም። የታችኞቹ ተሻሻሉ፤ ያልጠበቅኩት ግን ከስምንተኛዎቹም ማንበብ የማይችሉት መታወቃቸው ነው።

ስብሰባ ላይ «ልጆቻችሁ አያነቡም» ብለህ አትጀምር። በወር አንድ ቀን ከየክፍሉ በዕጣ ዐሥር ልጅ ይውጣ፣ መምህሩ ራሱ ያስነብብ፣ ከቦርዱ ሁለት ሰው ይቀመጥ፣ የልጅም የመምህርም ስም አይጻፍ በል። ሐሳቡን ርዕሰ መምህሩ እንደራሱ አድርጎ ያቅርበው፤ አንተ «ደገፍኩ» ብቻ በል።


የቡሬው (ረቡዕ ቀን)

ጋሼ ደህና ተናገሩ፣ ግን ዘመኑ ሌላ ነው። ቦርድ ላይ ነበርኩ። ቦርድ ማለት ማኅተም ነው። መዋጮ ሲፈለግ ይጠራል፣ ይፈርማል፣ ይበተናል። ሊቀመንበሩ ግማሹን ጊዜ በስልክ ነው። ለመሆኑ መጽሐፍ አለ? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ እኛ ዘንድ አንድ መጽሐፍ ለአራትና ለአምስት ልጅ ነው፣ ያውም ለተገኘው ትምህርት ዓይነት። ልጅ ምን ይዞ ያንብብ?


መምህርት ከቢቸና በኩል (ረቡዕ ማታ)

አንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ሰልፍ ኮንቴይንድ ነው፣ ሁሉንም ትምህርት እኔው ነኝ። መመዘኛው ለአንድ ክፍል 50 ልጅ ይላል፣ እኔ 84 አሉኝ። «ቅጣት» ያሉትን ነገር ጋሼ በደንብ ነው ያሉት፤ እኔ ግን ወድጄ ነው ያለሁበት።

አያ ወፍጮ ቤቱ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበልዎት። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት እርስዎ ዘንድ እህል ይዞ የመጣ ልጅ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ያልነበረ ልጅ ነው። የሚያነቡት ልጆች ወፍጮ ቤት አይደሉም፣ ትምህርት ቤት ናቸው። እርስዎ የመዘኑት የትምህርት ቤቱን ልጆች ሁሉ ሳይሆን የሚቀሩትን ነው። ፈረቃ ካላችሁ ግን ቃሌን አነሳለሁ።

ስለዚህ ከንባቡ በፊት መቅረትን ይዩት። ጤፍ አጨዳ ሲደርስ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ከክፍሌ ሲሶው አይመጣም። ፊደል በየቀኑ ነው የሚለመደው። ሰኞ «በ»ን ያየ ልጅ እስከ ሐሙስ ከቀረ «ቦ» ላይ ሲደርስ ያለቅሳል። በክፍለ ጊዜ ብዛት የሚካካስ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ማካካሻ እንስጥ ብንል ቅዳሜ የሚመጣው ያው ያልቀረው ልጅ ነው።

ከቻሉ የስም መቆጣጠሪያውን ይጠይቁ። ሲጠይቁ ግን ጠንቀቅ ብለው ያንብቡት።


ወፍጮ ቤቱ (ዓርብ ማታ)

እትዬ መምህርት፣ ምን ቆጣኝ፣ ዓይኔን ነው የገለጡልኝ። ፈረቃ የለንም፣ ሁሉም ጠዋት ነው የሚማረው። ይህ እንዴት ሳይታየኝ ዋለ!

የነገሩኝን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩና የጥቅምትን ስም መቆጣጠሪያ ልይ አልኩት። ያለ አንዳች ነገር ሰጠኝ፣ ይህንን አመሰግናለሁ። የወፍጮ ደብተሬ ቀን አለው፣ የልጆቹ ስም አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ፣ እኔ ዘንድ ከአህያ ጋር ቆመው የዋሉ ልጆች እዚያ ላይ አብዛኞቹ «አለ» ተብለዋል። ከአንድ ክፍል በቀር። የዚያች መምህርት ወረቀት ከኔ ደብተር ጋር አንድም አልተዛነፈም፤ ስትመለከቱት ግን በትምህርት ቤቱ ብዙ ልጅ የሚቀርባት እሷ ናት፣ በሪፖርት ላይ የከፋችው እሷ ናት ማለት ነው።

ይህን ስብሰባ ላይ ላውጣው?


የቡሬው (ዓርብ ማታ)

ይውጣ እንጂ! ሰነድ ይዘሃል፣ ምን ትጠብቃለህ? እንዲህ ያለ ነገር እየተሸፋፈነ ነው እዚህ የደረስነው።


ጡረተኛው (ዓርብ ማታ)

አታውጣው። መምህራኑ ለምን እንዲህ እንደሚሞሉ እኔ አውቃለሁ። ልጁ ቀረ ብለው ከጻፉ ልጁ አቋረጠ ይባላል፣ አቋረጠ ከተባለ «ምን አደረግክ» ይመጣል፣ ግምገማ ይመጣል። ደብተርህን ጉባኤ ላይ ብትዘረጋ ነገ ሁሉም ተጠንቅቆ የሚሞላው ያንተን ወፍጮ ቀን ብቻ ነው። ከዚያም አልፎ የቀሩት ልጆች ስም በቀበሌ ይነበባል፤ አባታቸው ይቀጣል፣ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ መነበቡን አይወድም። ለርዕሰ መምህሩ ለብቻው አሳየው። እውነቱን የሞላችው መምህርት ከሁሉ የከፋች እንዳትባልም እሱን ቃል አስገባው። የምትሟገተው ለዚህች ሴት ነው።


የቡሬው (ዓርብ ማታ)

እሺ ጋሼ፣ ስለ ስማቸው ያሉትን ተቀብያለሁ። ለብቻው ማሳየቱን ግን አልወደድኩትም። ለብቻው የታየ ነገር ለብቻው ይቀበራል።


ገንዘብ ያዥ (ቅዳሜ)

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ነኝ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ገንዘብ ያዥ። ስለ ባሕር ዛፉ የመለሰላችሁ የለም፣ እኔ ልመልስ።

መጀመሪያ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ወስኑ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፣ ከዚያ ዛፉን በግልጽ ጨረታ ሽጡ። ማስታወቂያው ቤተ ክርስቲያን ደጅና ገበያ ላይ ይለጠፍ። ከተሸጠ በኋላ መወሰን ጠብ ነው። ደግሞ አጥሩን አትናቁት፤ ከብት ግቢ ከገባ የተተከለው ሁሉ ይበላል፣ ሴቶች ልጆችም ሽንት ቤት ለመሄድ ይሳቀቃሉ። በቁጥቋጦና በድንጋይ በሕዝብ ጉልበት ይታጠር፣ ሽቦው ይቅር። ከገንዘቡ እኛ ያደረግነው ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር አሠራን፣ ድንጋይ ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ የተረፈውን ለወረቀትና ለቀለም። መምህራኑ አጫጭር ምንባብ በእጃቸው ጽፈው ይባዛል፣ ልጁ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። መጽሐፍ እስኪመጣ መጠበቅ የለም። ልጁ በቃሉ እንዳይዘውም ምንባቡ በየሳምንቱ ይለወጣል።

ሌላው፦ አያ ወፍጮ ቤቱ፣ ልጅ ለምን እህል ይዞ እንደሚመጣ አስበውበታል? እናቲቱ አራስ ናት፣ ወይ ውኃ ወርዳለች፣ ወይ አጨዳ ላይ ናት። «ልጅሽን አታስቀሪ» ብለው ቢቆጧት እሺ ብላ ሌላ ወፍጮ ነው የምትልከው። በጥር ደግሞ የሰርግ ሥራ አለ፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ያሉት ሴቶች ልጆች ያን ጊዜ ነው የሚጠፉት፤ አንዳንዷ ለሥራ፣ አንዳንዷ ራሷ ሙሽራ ሆና። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፣ ቀለበቱ ግን ቀድሞ ይመጣል። በቦርዱ ያለችው የሴቶች ተወካይ ጥር ሳይገባ የየቤቱን ወሬ ትጠይቅ፤ ወንድ ቢጠይቅ አይነገረውም።


መምህርት ከቢቸና በኩል (ቅዳሜ ማታ)

እቴ ገንዘብ ያዥ፣ እንደርስዎ ያለ ሰው እኛ ቦርድ ላይ ቢኖር! ምንባቡን ስታባዙ አንድ ነገር ጨምሩ፤ ፊደሉ ገዘፍ ይበል፣ በቃልና በቃል መካከል ሰፊ ክፍተት ይኑር። የኛዎቹ ልጆች ቃሉ የት እንደሚያልቅ ነው የሚጠፋቸው።


ወፍጮ ቤቱ (ሰኞ ማታ)

ለሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ርዕሰ መምህሩን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አገኘሁት፣ ደብተሩን ለብቻው አሳየሁት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ቆይቶ ግን «እኔም አውቀዋለሁ፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው» አለ። በዕጣ ዐሥር ልጅ የማስነበቡን ሐሳብ በሚመጣው ስብሰባ ራሱ ያቀርባል። የጥዋቱን ጥንድ ንባብ መምህራኑን አነጋግሬ ካልሆነ አልጀምርም ብሏል፣ ይሁን። አንደኛ ክፍል ማን ይመደብ የሚለውን ግን ሊሰማው አልፈለገም፤ ለመስከረም አቆየሁት። ወንድሜ የቡሬው፣ እንዳይቀበር ብዬ የወፍጮ ደብተሬን እየጻፍኩ ነው፣ አላቆምኩም።

ከወፍጮው በኩል ያሰብኩት ይህ ነው። እትዬ ገንዘብ ያዥ እንዳሉት እናቶችን መቆጣት አያዋጣም፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ ወፍጮ አለ፣ ደምበኛዬ ሁሉ ይሻገራል። ወፍጮዬ ትምህርት ቤት መሄጃው መንገድ ላይ ነው። ልጁ ጠዋት ሲያልፍ እህሉን ያራግፍ፣ ጆንያው ላይ ስሙን ራሱ በከሰል ይጻፍበት፣ እኔ ፈጭቼ አቆየዋለሁ፣ ሲመለስ ይጭናል። ስሙን ያልጻፈበት ጆንያ ተራ አይያዝለትም ብያለሁ። ዛሬ ሞከርን። ከጆንያዎቹ አንዱ ላይ ያለውን ስም እስካሁን ማንበብ አልቻልኩም።

የቸገረኝ አህያዋ ናት። ልጁ ክፍል ሲገባ አህያዋ የት ትዋል? እኔ ግቢ ከሁለት በላይ ካሰርኩ ይራገጣሉ፣ ከለቀቅኳቸው ደግሞ የጎረቤቴ ገብስ አለ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ካለ ቢነግረኝ።


ገንዘብ ያዥ (ሰኞ ማታ)

አህያዋን ጠዋት ከልጁ ጋር የሚሄድ እረኛ ይመልሳት፣ ከሰዓት ያምጣት። እረኛ በሌለው ቤት ደግሞ ተራ ይግቡ፤ የአንድ ሰፈር ልጆች በአንድ ቀን አይላኩ፣ ሁለት ሁለት ይሁኑ። ሁለት ከሆኑ ግቢዎ ይበቃል።